ጨዋታ መሆኑን አውቅ ነበር

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለነፍስ አባቴ ሌላውን ኃጢአት ሁሉ ስዘረዝር ይህችን ስድስት ዓመት ሙሉ እየዘለልኩ ንስሐ ገብቻለሁ። ለእህቴም አልነገርኩም። ለልጄ ለትጌ አልነገርኩም ነበር፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለሷ አለመንገሬ ነው፣ ለምን እንደሆነ በኋላ ትደርሱበታላችሁ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ እሱንም የተማርኩት ማታ ማታ ነው። ፊደሌ ቢጣመም፣ ነገሬም ወደፊትና ወደኋላ ቢል ታገሱኝ። አለመማሬን ግን ምክንያት አላደርገውም። አንድ ቀን ምክንያት አድርጌው ሰው በልቼበታለሁ።

አደጋው መጀመሪያ የታወቀኝ በአንድ ሳል ነው።

አምቦ ነው፤ ከሁሉቃ ወንዝ ብዙም በማይርቀው ግቢዬ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የገበያ ድንች እለቃቅማለሁ፤ ትልቁን ለብቻ፣ የተቆረጠውን ለብቻ። ትጌ አግዳሚው ላይ ተጋድማ ስልክ ይዛለች። የተኩስ ጨዋታ ነው። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት ትጠብቃለች። ስትጫወት አማርኛውም ኦሮምኛውም ይደባለቅባታል። «ዱባ ጂራ! ዱባ ጂራ! አጄሲ!» ብላ ጮኸች። ከኋላ አለ፣ ከኋላ አለ፣ ግደል ማለቷ ነው።

ያን ጊዜ ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ሰው ሳለ።

የታመመ ሰው ሳል አልነበረም። እኔ እዚህ ነኝ፣ እሰማለሁ የሚል ሳል ነው። አጥሬ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ነው፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ ሁለት ከስክስ ጫማ ቆሟል። ጭቃው ገና አልደረቀበትም። አይሄድም። ለትጌ በእጄ ምልክት ሰጠኋት፣ አላየችኝም። በአንድ ጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ እየሳቀች «ገደልኩት! እማ፣ ገደልኩት!» አለችኝ። ጫማው ትንሽ ቆየና ቀስ ብሎ ሄደ። እጄ ላይ የነበረችው ድንች ወድቃ ስትንከባለል እስካሁን ትታየኛለች።

ያ ዘመን ምን ዓይነት እንደነበር የአገራችን ሰው ያውቃል። ኔት ከተዘጋ ወራት ሆኖታል። ሰው ይወሰዳል፤ የሚመለስም ነበር፣ የማይመለስም ነበር። ለምን ተወሰደ ብሎ የሚጠይቅ ራሱ ይጠየቃል። በግቢዬ ውስጥ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከዚያ ሁሉ መዓት ተሸሽገን ጌም እንጫወት ነበር።

በግቢው ሦስት ነበርን። እኔ፣ ትጌና ተከራዬ ለሚ። ለሚ መምህር ነው፤ የሂሳብ መምህር። አገሩ ጎጆ የምትባል ከተማ ናት፣ ከጊንጪ በላይ ከብርዱ አገር፤ አባቱ ገብስና ድንች ያርሳል። የሰርቪሷን ክፍል ተከራይቶ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። እኔን «ሐርሜ» ነበር የሚለኝ። በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ስልክ ላይ መጫወት ያስተማረኝ እሱ ነው። ያን ከረሜላ ሦስት ሦስት እያደረጉ የሚያፈነዱትን። መጀመሪያ «ይሄ የልጅ ነገር» ብዬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ወጥ እስኪያርብኝ ያዘኝ። አምስት ነፍስ ይሰጣል፤ ስትሸነፉ አንድ አንድ እያለ ያልቃል። ሲያልቅ መጠበቅ ነው። ለሚ ግን ዘዴውን አሳየኝ፤ የስልኩን ሰዓት ወደፊት ስትገፉት ያለቀው ነፍስ ይመለሳል። እኔም ሰዓት እየገፋሁ፣ ነፍስ እያስመለስኩ፣ ሌቨል ሁለት መቶ አሥራ አራት ደርሼ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አራት! ስለ ስልክ የማላውቅ ሴት ነበርኩ ትላላችሁ?

ትጌ ከተኩስ በቀር ሌላ አይጥማትም። ለሚ ደግሞ ተኩስ አይወድም ነበር፤ «ራሴን ያመኛል» ይላል። እሱ የሚወደው የእርሻውን ነው። ስልኩ ላይ ይዘራል፣ ያጠጣል፣ ዶሮ ይቀልባል፣ ላም ያልባል። ትጌ «አንተ ገበሬ፣ ሂድ ጎመንህን አጠጣ፤ እኔ ልዋጋልህ» እያለች ትተርበዋለች። አንድ ጊዜ ከጎጆ ተመልሶ ምን አለን፣ «አባቴ ስልኬን አይቶ ‹ያቺ ሳር ሳትበላ የምትታለብ ላም የማን ናት? ለኔም አንድ አምጣልኝ› አለኝ።» ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ይህን የምነግራችሁ ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር እንድታውቁ ነው። በጨዋታ እንኳ ሰው የማይገድል ሰው ነበር።

ኔት ሲዘጋ ለሚ የሱን ስልክ ሆትስፖት ያደርገዋል፤ የትጌና የኔ ስልክ ይያያዝበታል። በዚያ ሦስታችን ሉዶ እንጫወታለን። ትጌና የሰፈር ጓደኞቿም በረንዳው ላይ ተሰብስበው ተኩሱን በዚያው ይጫወታሉ። ኢንተርኔት አይደለም። ከግቢ አይወጣም፤ እንዲያውም የውሃ ቧንቧው ጋ ስደርስ ይቋረጥብኝና «ለሚ፣ ጣልከኝ!» እላለሁ። ይህን አውቅ ነበር። ከየት እስከ የት እንደሚደርስ በእርምጃ አውቀው ነበር። ይህንንም ያዙልኝ።

ከዚያ ሳል በኋላ በሦስተኛው ቀን የገበያ ቀን ነበር። ድንቼን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። አንድ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው መጥቶ ከፊቴ ቁጢጥ አለ። ጫማውን አየሁ። ከስክስ ነው። አንድ ድንች አነሳና እያገላበጠ፦

«ድንችሽ ጥሩ ነው። ከየት ይመጣልሻል?»

«ከጎጆ።»

«ተከራይሽም ከጎጆ ነው አሉ።»

ድንቾቼን መደርደር ያዝኩ። ስሙን አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ፣ ኔት ለአገሩ ሁሉ ተዘግቶ ባንቺ ግቢ ግደል፣ ግደል እያለ የሚያዘው ማነው? እኔ የሰማሁት የሴት ድምፅ ነው። ልጅሽ ናት?»

እስቲ እዚህ ላይ ቁሙልኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ጨዋታ ነው ማለት። ስልኬን ከሽርጤ ኪስ አውጥቼ፣ ይኸው እኔም እጫወታለሁ፣ ከረሜላዬን እዩልኝ ማለት። ይስቅብኝ ነበር፤ ላያምነኝም ይችል ነበር። ልጄንም ይወስዳት ይሆናል። ይሆናል። እኔ ግን ይሆናልን እንኳ አልጠበቅኩም።  እንዲህ አልኩ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው፣ አንዷንም አልረሳሁም።

«ልጄ አይደለችም፤ ልጄ ስልክ አትነካም» አልኩ። «ተከራዩ ነው። የሴቷ ድምፅም ከስልኩ ውስጥ የምታናግረው ሴት ትሆናለች» አልኩ። «ኔት በሌለበትም የሱ ስልክ ከሌላ ስልክ ጋር ይገናኛል» አልኩ።

የመጀመሪያው ውሸት ነው። ሁለተኛው ውሸት ነው፤ በዓለም ላይ ያልተፈጠረች ሴት እኔ ድንች መሸጫ ላይ ተቀምጬ ፈጠርኩ። ሦስተኛው እውነት ነው። ሰውየውን ያስነሳው ሦስተኛው ነው። እውነትን እንደ ቢላ መያዝ እንደሚቻል እኔ ያን ቀን አወቅሁ። ሰውየው ድንቿን ቦታዋ መለሰና «እግዜር ይስጥሽ» ብሎኝ ሄደ።

ፍርሃት ነው ልበላችሁ? ፍርሃት ነው። እናት ነኝ። ግን ፍርሃት ብቻ ነበር? ይህን ራሴን ስጠይቀው ኖሬአለሁ። ትጌ ለሚ ሲቀልድ የምትስቀው ሳቅ እኔ ስቀልድ የምትስቀው አልነበረም። አይቼ ነበር። እሱ ጴንጤ ነው፣ የገጠር ሰው ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ ከአያቶቼ ጀምሮ የከተማ ሰው ነኝ ብዬ የማልረባ ኩራት ነበረችኝ። ይህ ልጅ ሌላ ቤት ቢፈልግ ብዬ በልቤ ያልኩባቸው ቀናት ነበሩ። በዚያች ደቂቃ የወንድሜ ልጅ ቢሆን ኖሮ አሳልፌ እሰጠው ነበር? አላውቅም። አላውቅም ማለቴ ራሱ መልስ ነው።

ከገበያ እንደተመለስኩ ያደረግኩትን ስሙ። እንጭኒ ያለችው እህቴ ታማለች ብዬ ትጌን በማግስቱ ጠዋት መኪና ላይ ጫንኳት። እህቴ አልታመመችም። ለሚ ቦርሳዋን እስከ መናኸሪያ ተሸከመላት። እኔ አብሬያቸው እየሄድኩ፣ ምን እንደሚመጣ እያወቅሁ፣ «በርታ ልጄ» አልኩት። አላስጠነቀቅኩትም። ወደ አገርህ ሂድ ለማለት አንድ ሙሉ ቀን ነበረኝ። እህል ቀርቦልኝ በላሁ፣ ከረሜላዬን ተጫወትኩ፣ አንድ ቃል ግን አልተነፈስኩም። ከሄደና ካመለጠ ማን ነገረው ብለው ወደኔ ይመጣሉ ብዬ ነው።

በሚቀጥለው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። ሦስት ናቸው። ለሚ ነጭ ጋዋኑን በክንዱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሊወጣ ነበር። ስልክህን አሉት፣ ሰጠ። ከማን ጋር ነው የምትገናኘው አሉት፣ ሳቀ። በእውነት ሳቀ፤ የሚያስቅ ነገር መስሎት ነበር። «ጌም ነው እኮ» አለና እርሻውን ከፍቶ ላሞቹን ሊያሳያቸው ሲል እጁን ወደኋላ ጠመዘዙት። ያኔ ነው ወደኔ የዞረው።

«ሐርሜ፣ ንገሪያቸው። ጨዋታ መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ።»

እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። ስልኬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው። ስጫወት ነው የደረሱብኝ፤ ሙቀቱ ጭኔ ላይ ይሰማኛል። ሁሉም አዩኝ። እኔም እንዲህ አልኩ፦

«እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ስልክ ምን አውቃለሁ?»

ይህ ነው ኃጢአቴ። የገበያውን ፍርሃት ነው ብትሉልኝ፣ ይህን ምን ትሉታላችሁ? ሰው ዓይኔን እያየ እናቴ ብሎ ጠራኝ፤ እኔም አላውቅም አልኩ። ለሚን ይዘውት ወጡ። ጋዋኑ መሬት ወድቆ ቀረ። አነሳሁት፣ አጠብኩት፣ ገመድ ላይ አሰጣሁት። ልብሱን አጥቤ የሚነጻ ነገር ያለ ይመስል።

ትጌ በሳምንቱ ከአንድ ነጋዴ ሰማች። ልመጣ ነው፣ የጮህኩት እኔ ነኝ ብዬ ልናገር ነው ማለቷን ስሰማ እንጭኒ ድረስ በርሬ ሄድኩ። አሁን የምጽፈው ከመጀመሪያው የባሰ ነው። እጇን ይዤ «ያስያዘው ጩኸትሽ ነው» አልኳት። «አሁን ብትመጪ አንቺንም ይጨምሩሻል፤ እሱንም ያብሱበታል። ዝም በይ» አልኳት። እንዳትመጣ ብዬ ነው። ልጄን ለማዳን ብዬ ልጄ ትከሻ ላይ የራሴን ድንጋይ ጫንኩ። ትጌ ያን ቀን ስልኳ ላይ ያለውን ጌም ሁሉ አጠፋች። ከዚያ ወዲህ ሉዶ እንኳ ስትጫወት አላየኋትም። እንጭኒ ቀረች፤ ዛሬ ሕፃናት ታስተምራለች። ልጆቹ በእንጨት ጠመንጃ ዷ ዷ ሲሉ ክፍሉን ለቅቃ ትወጣለች ብላ እህቴ ነግራኛለች።

ለሚ ከአራት ወር በኋላ ተለቀቀ። ወደ አምቦ አልተመለሰም፣ ወደ ማስተማሩም አልተመለሰም። ፍራሹንና መጻሕፍቱን ሊወስዱ የመጡት እናቱ አዴ ጫልቱ ናቸው፤ አዴ እትዬ እንደማለት ነው። አንድ ጆንያ ድንች ይዘውልኝ መጡ። «ልጄን ሁለት ዓመት እንደ እናት ስለያዝሽልኝ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግራ ጆሮው አይሰማም። መቱት» አሉ።

ድንቹን ምን ላድርገው? ልሸጠው አልቻልኩም፣ ልበላውም አልቻልኩም። አልጋዬ ሥር አስገባሁት። እዚያው ጨለማ ውስጥ አበቀለ፤ ነጫጭ ቀጫጭን ጣት አውጥቶ በጆንያው ቀዳዳ መጣ። ሁሉቃ ወስጄ ጣልኩት። አዴ ጫልቱ በየዓመቱ አዝመራ ሲሰበሰብ ይመጣሉ፤ በየዓመቱ ጆንያ። እኔም በየዓመቱ ወንዝ።

በዚህ መካከል ዘመኑ ተለዋወጠ፤ ኔትም ተከፈተ። እኔ ግን አልተከፈተልኝም። ጠቋሚ ነው ተብሎ የተወራበት አንድ ባለሱቅ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ ሱቁ በድንጋይ ሲመታ ቆሜ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ ሲጮህ አብሬ የጮህኩ መስዬ አፌን ከፍቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከአጥሬ ውጭ ሰው ሲያስል ጎንበስ ብዬ ጫማ ማየት ለመደብኝ። ከረሜላውን ከስልኬ ላይ አላጠፋሁትም ነበር፤ እንዲያው አልከፍተውም። ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ቆሟል። ሰዓቱን ወደፊት መግፋት እችላለሁ። ወደኋላ ግን ማን አስተማረኝ?

ዘንድሮ አዴ ጫልቱ ሲመጡ ጆንያቸውን አውርደው አልተነሱም። እጄን ያዙኝ።

«ሃዳ ትጌ» አሉኝ፤ የትጌ እናት ማለት ነው። «ለሚና ልጅሽ በስልክ ይገናኛሉ፣ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር።

«ሽማግሌ ልላክ ቢላት እምቢ አለችው። ‹ያጠፋሁህ እኔ ነኝ፤ ጆሮህን እያየሁ እንዴት ካንተ ጋር እኖራለሁ› አለችው። አንቺ እናቷ ነሽ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም በያት። ካንቺ አፍ ከሰማች ታምናለች።»

ከኔ አፍ! እኒህ ሴትዮ ከበሽታው ጋር ተቀምጠው መድኃኒት ይለምኑታል።  «እሺ፣ እነግራታለሁ» አልኩ። ከሄዱ በኋላ ልጄ ስድስት ዓመት ሙሉ ባልሠራችው ኃጢአት ስትቀጣ መኖሯ፣ አሁን ደግሞ ዕድሜዋን ልትከፍልበት መሆኑ ገባኝ። ሰው ይወግረኛል ብዬ የፈራሁት ፍርሃት ከዚህ ጋር ሲመዘን ቀለለብኝ። ጠፋ አላልኩም፣ ቀለለ ነው ያልኩት።

ጎጆ የሄድኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ለትጌ ከመንገሬ በፊት ለሱ ልንገር፣ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ ብዬ። ሚኒባሱ እስከ ጊንጪ በአስፋልት ሄደ፣ ከዚያ ወደ ላይ ፒስታው ነው። ጉም ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል፤ የት እንዳለሁ አይታየኝም። አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ያንኑ የተኩስ ጨዋታ ከፈተ። ጥይቱ ጆሮዬ ሥር ይንጣጣል። ጆሮዬን በነጠላዬ ስሸፍን አየኝ መሰለኝ፣ «እማማ፣ ልቀንሰው እንዴ?» አለኝ። «አይ፣ ተጫወት» አልኩት። እንደዚያ ነበር መጮህ የነበረብኝ፤ ልጆቹ ይጫወቱ ብዬ። እኔ እኮ የሚያወርደኝ ሰው እንዲመጣ ነበር የምመኘው፤ መንገዱ እንዲዘጋ፣ መኪናው እንዲበላሽ። አልተበላሸም።

አዴ ጫልቱ በር ላይ ሲያዩኝ ደነገጡ። ለሚ ከጓሮ ነው፤ የዘር ድንች ይመርጣል። ሄድኩ። ጀርባውን ሰጥቶ ቁጭ ብሏል። ወፍሯል፣ ፀጉሩ ሳስቷል። ካጠገቡ ቆሜ፣ ድፍረቴ ሳያልቅ ቶሎ ብዬ፣ «ለሚ፣ ያስያዝኩህ እኔ ነኝ» አልኩ።

ድንቹን መምረጡን ቀጠለ።

በግራው በኩል ነበር የቆምኩት። አልሰማኝም። መድረሴንም አላወቀም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በዚያች ቅጽበት ምን ያሰብኩ ይመስላችኋል? ተናግሬአለሁ፣ ይበቃል ብዬ አሰብኩ። ልጠይቅህ መጣሁ ብዬ ሰላም ብዬው መመለስ ይቻል ነበር። ስድስት ዓመት ተሸክሜው እንኳ ለመሸሽ ቀዳዳ ስፈልግ ራሴን ያዝኩት።  ከዚያ ዞርኩ። በቀኙ በኩል መጣሁና ጉልበቴን ጭቃው ላይ አድርጌ ደገምኩት። የገበያውን ነገርኩት፣ ሦስቱን ቃል ነገርኩት፣ የፈጠርኳትን ሴት ነገርኩት፣ መናኸሪያ ድረስ አብሬህ ስሄድ አውቅ ነበር አልኩት።

ለሚ አልተነሳም። በእጁ የያዛትን ድንች መሬት አስቀመጠ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ስልኮቹ እንደሚያያዙ የሚያውቅ ትልቅ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ‹ሴትዮዋን አምጣ› እያሉ ነበር የሚመቱኝ። ‹ከስልኩ ውስጥ የምታናግርህ ሴት ማን ናት?› ሴትዮ የለችም አልኳቸው።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «የትጌን ስም አልጠራሁም።»

ይህን ስትሰሙ ምን ተሰማችሁ? እኔ ልንገራችሁ። ልጄን ያዳንኳት እኔ ነኝ ብዬ ነበር የኖርኩት። በደሌ ሁሉ ከበደል ቢቆጠር፣ ልጄን ግን አድኛለሁ እል ነበር። ያቺን ትንሽ ምርኩዝ እንኳ ጎጆ ጓሮ ውስጥ ተነጠቅሁ። ልጄን ያዳናት እሱ ነው። በጆሮው። በኔ ውሸት ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ፣ ከውስጥ ሆኖ አፉን ዘጋላት። እኔንም ለስድስት ዓመት ለማንም አልጠቆመኝም። መንገድ ላይ የጠበቅኩት ድንጋይ ሁሉ እሱ እጅ ላይ ነበር፤ አልወረወረውም።

ቀና ስል አዴ ጫልቱ ከጓሮው በር ላይ ቆመዋል። ሁሉን ሰምተዋል። አልጮኹም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ያን ቀን አላናገሩኝም። በራቸውን ግን አልዘጉብኝም፤ ከሰዓት በኋላ ድንች ቀቅለው ከፊቴ አስቀመጡና ሄዱ። በላሁ። የሳቸውን ድንች ስበላ በስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። እያለቀስኩ፣ ሲያቃጥለኝ በላሁ።

ለሚ ስልኩን ሰጠኝ። ስልኩ ላይ አንድም ጌም የለም፤ እርሻው የለም፣ ላሚቱ የለችም። «ለኔ ሳይሆን ለሷ ንገሪያት» አለኝ፣ «እኔ ብነግራት እሷን ለማጽናናት የምዋሽላት ይመስላታል።» ደወልኩ። ትጌ «ለሚዬ» ብላ አነሳች፤ እኔ ነኝ አልኳት። ነገርኳት። ከሳሉ ጀምሬ እስከ ጓሮው። «ያስያዘው ጩኸትሽ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አልኳት፤ ሦስት ጊዜ ደገምኩላት፣ በፊት የጫንኩባትን ቃል ያነሳላት እንደሆን አላውቅም። አላለቀሰችም።  ኔቱ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«እየሰማሁሽ ነው» አለች።

 መንደሩ ውስጥ በግ ይጮሃል፤ ጉሙ ወደ ቤቱ እየገባ ነው።

«ዛሬ ተመላሽ መኪና አለ?»

«ሄዷል።»

«የት ልታድሪ ነው?»

«እዚሁ። አዴ ጫልቱ ቤት።»

«ደህና ነሽ?»

እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ። ይቅር ብላኝ እንደሆን አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም፣ እናንተንም አልጠይቃችሁም። ዘመኑ ነው፣ ፍርሃት ነው፣ አለመማር ነው የሚል ካለ እኔ አልቀበለውም። ፊደል ሳይሆን ልብ ነው ያጣሁት። ጨዋታ መሆኑን አውቅ ነበር።

ለልጄ ግን የመለስኩላት እውነት ነው፣ ለናንተም ያንኑ ልድገመው። ማንም አልነካኝም፣ ማንም አላባረረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጥር ውጭ ሰው ሲያስል ጫማ አላይም። «ደህና ነኝ» አልኳት። ደህና ነኝ።